የሚያም ቃል በየሀገሩ

*አንዱ የሚስቅበትን ሌላው ለምን ይቀየምበታል? ከየካ የኤምባሲ ሠፈሮች እስከ እንጦጦ ጫፍ*

ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ከከተማው ሳይወጣ ብዙ አገር ያልፋል። ረዳቱ «እንግሊዝ ኤምባሲ፣ ወራጅ አለ?» ሲል አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ይወርዳሉ። ሾላ ላይ ዘንቢል የያዙት ይከተላሉ። በተራራው ሥር ወደ ሰሜን የሚወጣው ታክሲ ደግሞ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እየተባለ ነው የሚሞላው። ከዐድዋ ድል በኋላ አጼ ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ሰፋፊ መሬት በዚህ በኩል ሰጡ። እንግሊዝም፣ ፈረንሳይም፣ ሩሲያም፣ ጣሊያንም እዚሁ ሰፈሩ፤ ሠፈሮቹም ስማቸውን ከጎረቤቶቻቸው ወሰዱ።

«ፈረንሳይ!» እያለ የሚጣራው ወጣት ግን አንድ የማይወደው ስም አለ። «ወያላ» ሲሉት ፊቱ ይለወጣል። «ረዳት ነኝ» ይላል። የአገሩ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ አንዳንዱ እያወቀም ይጠራዋል። ከጎኑ የተቀመጠ የውጭ ዜጋ ግን ካልነገሩት በቀር አያውቀውም። ትናንት ከጓደኞቹ የሰማውን ቃል ደግሞ፣ አማርኛ የለመደ እየመሰለው፣ በፈገግታ ይናገረዋል።

በእነዚህ ሠፈሮች ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደረው በኤምባሲዎችና በውጭ ዜጎች ቤት በሚገኝ ሥራ ነው። ጥበቃዎች፣ አትክልተኞች፣ ምግብ አብሳዮች፣ ሹፌሮች፣ አስተርጓሚዎች ቀኑን በአንድ ቋንቋ ወግ ውለው ማታ ወደ ሌላው ይመለሳሉ። ለዓመታት ፈረንጅ ያመላለሱ ሹፌሮች እንደሚናገሩት፣ መጀመሪያ ግራ የሚያጋባቸው አለቃቸው መንገድ ሲዘጋ የሚያወርደው የስድብ ናዳ ነው። እኔን ነው የሰደበኝ ብለው ለቀናት ያኮረፉ አሉ። ቆይተው ነው ስድቡ ለመንገዱ እንጂ ለሰው እንዳልነበረ የገባቸው። ያው አለቃ ደግሞ «ደከመዎት መሰለኝ፤ አርጅተዋል» የሚል የአዘኔታ ቃል ሲሰማ ቅር ብሎት ይውላል።

## «ዩ! ዩ!»

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ መንገዱ ባሕር ዛፍ ውስጥ ይገባል። ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ወገባቸው እስኪጎብጥ አጎንብሰው ቁልቁል ይወርዳሉ። ሽቅብ የሚወጡት ሯጮች፣ ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚሄዱ ምእመናን፣ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ የሚያዩ ጎብኚዎች ናቸው። ከጎብኚዎቹ መካከል ነጭ ሰው ከታየ ልጆች ከየጥጉ «ዩ! ዩ! ፈረንጅ!» እያሉ ይሮጣሉ።

ኢትዮጵያን ያየ የውጭ ዜጋ ሁሉ ይህን ጥሪ ያስታውሰዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእንግሊዝኛ የማያውቁትን ሰው «አንተ» በሚለው ቃል ብቻ መጥራት ንቀት ነው፤ ጠብ የሚፈልግ ሰው የሚናገረው ዓይነት ነው። «ፈረንጅ» የሚለውም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ከኋላ ሲከተለው ሰውን ያደክማል። ስም፣ ሙያ፣ ቤተሰብ ያለው ሰው በቆዳው ብቻ ሲጠራ ይውላል።

ልጁ ክፋት አላሰበም። በአማርኛ ጓደኛን ለመጥራት «አንተ!» ይባላል፤ በትምህርት ቤት በተማረው ጥቂት እንግሊዝኛ ያንኑ መለሰው። ብዙ ሰው ጉዳዩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል፤ የቋንቋ አለመግባባት ነው፣ እንግዳው መቀየም አልነበረበትም ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ያው ልጅ አንድ የማያውቀው የሃምሳ ዓመት ሰው፣ የእኛው አገር ሰው፣ በዚያው መንገድ ሲያልፍ ቢያገኝ «አንተ!» ብሎ አይጣራም። «ጋሼ» ይላል። ሴት ከሆኑ «እትዬ» ወይም «እማማ» ይላል። ለፈረንጁ «ጋሼ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ስላልተማረ ብቻ አይደለም የሚተወው፤ እንግዳውን አክብሮት በሚገባው ሰው ረድፍ ስላላስገባው ጭምር ነው። ስለዚህ እንግዳው የተሰማው ቅሬታ በእኛም ሚዛን ቢመዘን ልክ ነው።

> እንግዳው የተሰማው ቅሬታ በእኛም ሚዛን ቢመዘን ልክ ነው።

የዚህ ተገላቢጦሽ በኤምባሲዎቹ በር ላይ ይታያል። አማርኛን ከወጣት ጓደኞቹ የተማረ የውጭ ዜጋ ሽበታም ጥበቃውን «አንተ፣ እንደምን አደርክ?» ይላቸዋል። ጥበቃው ይስቃሉ፤ «ቋንቋው አልገባውም፣ ልጅ ነው» ብለው ያልፉታል። ይህንኑ ቃል ከዋሽንግተን የመጣ፣ መልኩ የእኛ የሆነ ወጣት ቢናገራቸው ግን አያልፉትም። «አሳዳጊ የበደለው» ይሉታል። አማርኛው ከፈረንጁ አማርኛ ባይሻልም ፊቱ ይቅርታ ያሳጣዋል። በውጭ አገር ተወልደው ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጡ ልጆች በየሠርጉና በየለቅሶው የሚሰናከሉበት ጉዳይ ይኸው ነው።

## ሞት የተጠራበት ፍቅር

ጉዳዩ ከስድብ ውጭም ብዙ ቦታ አለ። ኮተቤ ውስጥ ማዕድ ቀርቦ እንግዳው እጁን ሲሰበስብ እናት «በሞቴ!» ይላሉ። እንቢ ካለ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ብለው ያጎርሱታል። ይህ ከአማርኛ የፍቅር ቃላት ሁሉ ሞቅ ካሉት አንዱ ነው። አስተርጓሚ ግን ይጨነቃል። እንዳለ ቢመልሰው እንግዳው ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል፤ ባለቤቲቱ እንጀራ እያቀረቡ ስለ ሞታቸው ለምን ይናገራሉ? ልምድ ያላቸው አስተርጓሚዎች ቃሉን ትተው «በጣም ስለሚወዱህ ነው የሚለምኑህ» ማለትን ይመርጣሉ።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለእረፍት የምትመጣ ወጣትም የራሷ ፈተና አለባት። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቤት ስትገባ አክስቶቿ እልል ብለው «እሰይ! ወፈርሽ፣ አማረብሽ!» ይሏታል። ባደገችበት አገር ስለ ሰው ክብደት መናገር በቅርብ ዘመዶች መካከል እንኳ የሚያስቀይም ነገር ነው። ረሃብን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በሚኖሩበት አገር ደግሞ ሰውነት መሙላት ምቾት፣ ጤናና የእግዚአብሔር በረከት ነው። «ከሳሽ፣ ጠቆርሽ» ቢሏት ነበር ስጋት። አክስቶቿ ያመሰገኗት መስሏቸው ይተኛሉ፤ እሷ መኝታ ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች። ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ሰው በመካከላቸው ቢኖር ኖሮ ሌሊቱ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

በቅዱሳን ስም ላይ ያለው ልዩነት ከዚህም ይሰፋል። በየካ ሚካኤል አካባቢ ያደገ ሰው ድንገት እግሩን ቢመታው «ሚካኤል!» ወይም «ማርያም!» ይላል። ርዳታ መጥራቱ ነው፤ ስሙ በጭንቅ ጊዜ ከአፉ የሚወጣው ስለሚተማመንበት ነው። በፈረንጅ ቤት የምትሠራ ሴት አሠሪዋ ብርጭቆ ሲሰበርበት የጌታን ስም ሲጠራ ሰምታ የጸሎት ሰው ነው ብላ ልታስብ ትችላለች። በእንግሊዝኛ ግን በንዴት የተጠራ የጌታ ስም አክባሪ አማኞችን የሚያሳዝን እርግማን መሰል ቃል ነው።

## የሚጠበቀው ነገር ነው የሚመታው

ሕዝቦች የስድብ ቃላቸውን የሚመዙት ከሚያከብሩት ወይም ከሚፈሩት ነገር ነው። የካናዳ ክፍል በሆነችው በኪውቤክ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን የሰዉን ኑሮ ከልደት እስከ ሞት ስትመራ ኖራለች። በዚያ ከሁሉ የከፉት የስድብ ቃላት «ታበርናክ»፣ «ካሊስ»፣ «ኦስቲ» ናቸው። የመጀመሪያው ቅዱስ ቁርባን የሚቀመጥበትን ማኅደር፣ ሁለተኛው ጽዋውን፣ ሦስተኛው ራሱን ቁርባኑን ያመለክታል። አንድ የእንጦጦ ካህን ይህን ቢሰሙ ያማትባሉ። ከፓሪስ የመጣ ፈረንሳዊ ግን ቃላቱን እየሰማ ብዙም አይሰማውም፤ ቋንቋው አንድ ቢሆንም ያሳለፉት ታሪክ ይለያያል።

ሆላንዳውያን በበሽታ ይሰዳደባሉ፤ ካንሰር፣ ታይፎይድ፣ የሳንባ ነቀርሳ የስድብ መጀመሪያ ናቸው። እኛ ዘንድ «መጋኛ ይምታህ» እና «ቁርጠት ያድርግህ» አሉ፤ ነገር ግን እነዚህ እርግማን ናቸው፣ እርግማን ደግሞ በእኛ ዘንድ ከስድብ ይበልጥ ይፈራል። የሰደበን ሰው በሽማግሌ ይታረቁታል። የወላጅ እርግማን ያገኘው ሰው ግን ንስሐ አባት ፍለጋ ይሄዳል፤ ወላጆቹ በሕይወት ካሉም እግራቸው ሥር ወድቆ እስኪፈቱት ድረስ እንቅልፍ የለውም።

ሩሲያውያን «ማት» የሚሉት የብልግና ቋንቋ አላቸው፤ ብዙው በእናትና በሩካቤ ዙሪያ የተሠራ ነው። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ቋንቋ ከፊልም፣ ከቲያትርና ከኮንሰርት መድረክ በሕግ አግዷል። በእናት በኩል የሚመጣውን ስድብ ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዚነዲን ዚዳን ጣሊያናዊውን ማቴራዚን በጭንቅላቱ ሲመታው፣ ነገሩ ስለ እህቱ የተነገረ ቃል መሆኑ ሲሰማ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ አልተደነቀም። «እህቱን ነው የነካበት» ተባለ፤ ክርክሩም በዚያ አበቃ።

ለአማርኛ ተናጋሪ በጣም የሚቀርበው ግን የጃፓንና የጀርመን ልማድ ነው። በጃፓንኛ ሰውን ለማዋረድ የብልግና ቃል አያስፈልግም፤ የማይገባውን ተውላጠ ስም መጠቀም ይበቃል። ጀርመንኛም «ዱ» እና «ዚ» ብሎ እንደ እኛ አንተና አንቱን ይለያል። በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 185 ስድብ ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዲተር ቦለን የተባለው ታዋቂ ሙዚቀኛ ፖሊስን «አንተ» ብሏል ተብሎ ሐምቡርግ ላይ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ፍርድ ቤቱ ለእሱ የተለመደ አነጋገሩ ነው ብሎ በነፃ አሰናበተው። ይህን ለየካ ሽማግሌዎች ቢያጫውቷቸው ክሱ አይገርማቸውም፤ የሚገርማቸው በነፃ መለቀቁ ነው።

በአማርኛ ጥብቅ ሆኖ የሚጠበቀው አስተዳደግ ነው። «ባለጌ» የሚለው ቃል በሌላ ቋንቋ ሲመለስ ቀላል ይመስላል። የውጭ ዜጎችም ቶሎ ይለምዱትና ለቀልድ ይጠቀሙበታል። የተባለው ሰው ግን ራሱ ብቻ አልተነካም፤ ያሳደጉት እናቱና አባቱ፣ የመከሩት ጎረቤቶች፣ ያስተማሩት የኔታ ሁሉ አብረው ተነክተዋል።

## ቅዳሜ ከሰዓት በዲኤስቲቪ ቤት

የአገራችን ወጣት ይህን ጉዳይ በቅርብ ያየው በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሊቨርፑሉ ኡራጋያዊ ሉዊስ ሱዋሬዝ የማንቸስተር ዩናይትዱን ፓትሪስ ኤቭራን በጨዋታ መሐል በቆዳው ቀለም ጠራው ተብሎ ተከሰሰ። ሱዋሬዝ ቃሉ በአገሬ ወዳጅ ወዳጁን የሚጠራበት ነው አለ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የስፓኒሽ ቋንቋ ሊቃውንትን አማክሮ 8 ጨዋታ አገደው፣ 40,000 ፓውንድም ቀጣው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሌላው ኡራጋያዊ ኤዲንሰን ካቫኒ እንኳን ደስ አለህ ያለውን ጓደኛውን ከዚያው ቃል በወጣ የቁልምጫ ስም በጽሑፍ አመሰገነው። እሱም 3 ጨዋታና 100,000 ፓውንድ ተቀጣ። የኡራጋይ የቋንቋ አካዳሚ እንግሊዞች ባህላችንን ሳያውቁ ፈረዱ ብሎ ተቃወመ።

በኮተቤና በመገናኛ የኳስ ማሳያ ቤቶች ክርክሩ ሞቅ ያለ ነበር። «እኛስ ጓደኛችንን ጥቁሬ እንል የለ?» ያሉ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፤ በእኛ ዘንድ ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር ማለት ሰውን ለመለየት የሚነገር ነው፣ ቁልምጫም ይሆናል። ነገር ግን በሁለቱ ተጫዋቾች ላይ እኩል መፍረድ ልክ አይመስለኝም። ሱዋሬዝ የተናገረው በጠብ መካከል፣ ለተጋጣሚው ነው፤ በየትኛውም አገር በጠብ መካከል የተነገረ ቃል ቁልምጫ አይሆንም። ካቫኒ ወዳጁን ነው ያመሰገነው። ቃሉ በእንግሊዝ አገር የሚያም መሆኑን ሲነግሩት ጽሑፉን አጠፋ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ሳያውቅ የተናገረ ሰው ሊያደርግ የሚገባውን አድርጓል፤ ቅጣቱ ለእኔ በዝቶበታል።

> ሳያውቁ የተናገሩት ይቅር ይባላል፤ ከተነገራቸው በኋላ የሚደግሙት ግን ስድብ ነው።

## «ሲሪላንኪዬ» እና «ቻይና»

ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶች የሚያወሩት ሌላ ነው። ቤይሩት ውስጥ ከስሪላንካ የመጡ ሴቶች በቤት ሠራተኝነት ከመብዛታቸው የተነሣ «ሲሪላንኪዬ» የሚለው ቃል ሠራተኛ ማለት ሆኖ ቀርቷል። ኢትዮጵያዊቷም በዚያ ስም ትጠራለች። ስሟም፣ አገሯም ይጠፋል። «አህያ»፣ «ውሻ» እያሉ የሚጠሩ አሠሪዎችም ነበሩ፤ እነዚህ በሁለቱም ቋንቋ የከፉ ስለሆኑ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ተመላሾቹ ግን ብዙ ጊዜ ከስድቡ ይልቅ ስማቸውን የሚጠይቃቸው መጥፋቱ እንዳቆሰላቸው ይናገራሉ።

ይህን የሰማ ሰው በመገናኛ ድልድይ ሥር ቆሞ ያዳምጥ። አንድ የእስያ ሰው ሲያልፍ፣ ጃፓናዊም ይሁን ኮሪያዊ፣ ቬትናማዊም ይሁን ፊሊፒናዊ፣ «ቻይና! ቻይና!» ይባላል። የሚናገረው ልጅ እንደ ጨዋታ ነው የሚያየው። የሚሰማው ሰው ግን አገሩ ተወስዶበታል። ቤይሩት ላይ በእህቶቻችን የደረሰው ያሳዘነን ሰዎች ይህንን በቸልታ ልናልፈው አይገባም።

## ከእንጦጦ ሥር የቆየ ቁስል

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ ተራራ የጀመረው ከተማ አናጺ፣ ግንበኛ፣ አንጥረኛ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ፈለገ። ሠሪው ግን ይሰደብ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ጸሐፊው «ጠንቋይ» ይባላል፤ የሸማኔነትና የገበሬነት ስም ራሱ መናቂያ ሆኖ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ይህን ከለከሉ። የአዋጁ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ሰው ሁሉ ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን ተወልዷል፣ ከእንግዲህ ሠራተኛውን የሰደበ የሰደበው ንጉሡን ነው፣ ሁለተኛ ሲሳደብ የተገኘም አንድ ዓመት ይታሰራል። ሹማምንቱ ማሰር ቢቸግራቸው ወደ እሳቸው እንዲልኩ አዘዙ።

በዚህ አዋጅ ውስጥ የሚደንቀኝ «ከእንግዲህ» የሚለው አሳብ ነው። ያለፈውን አልቀጣም። ሰዎች ስድባቸውን ልማድ አድርገው እንደኖሩበት ተቀብሎ፣ ነግሯቸው፣ ከነገራቸው በኋላ ግን የጥፋቱን ዋጋ ቆረጠ።

የአገራችን ሕዝቦች ስምም በዚሁ መንገድ አልፏል። ሰዎች ራሳቸውን በማይጠሩበት፣ ሌላው በለጠፈባቸው ስም በመዝገብና በመማሪያ መጽሐፍ ሲጠሩ የኖሩ ብሔረሰቦች አሉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ እነዚያ ስሞች ከመንግሥት ወረቀት ወጡ። እዚህ አልደግማቸውም። «በዚያ ጊዜ እኮ ስድብ አልነበረም» የሚሉ አዛውንቶች አሁንም አሉ። ለተናጋሪው አልነበረ ይሆናል። ተጠሪው ግን ያኔም ያመው ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው ነው ያጣው።

ከየካ በስተምዕራብ፣ በዚያው በእንጦጦ ሥር፣ ቀጨኔ አለ። በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የሸክላ ሠሪዎችና የሸማኔዎች ሠፈር ነው። በየቤታችን ያለው ጀበና፣ ምጣድና ድስት ብዙው ከእነዚህ ሴቶች እጅ የወጣ ነው። ልጆቻቸው በትምህርት ቤት «ቡዳ» ተብለው ሲሰደቡ ያደጉ፣ ለጋብቻ ሲጠያየቁ ዘራቸው የተቆጠረባቸው፣ ሠፈራቸውን ሲጠየቁ ሌላ ስም የሚናገሩ ሰዎች አሁንም እዚያ ይኖራሉ። ከባዕድ አገር የመጣ ሰው «ቡዳ» የሚለውን ቃል ቢሰማ ምንም አይሰማውም፤ ለእሱ ባዶ ድምፅ ነው። ለቀጨኔዋ ልጅ ግን ጓደኛ፣ ትዳርና የሥራ ባልደረባ ሊያሳጣት የሚችል ቃል ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 615 ሰውን በስድብ ማዋረድ በተበዳዩ አቤቱታ እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታና በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻ የሚያነሣ ንግግርን ይከለክላል። ሙያ በዚህ ዝርዝር ውስጥ በስም አልተጠቀሰም። ከመቶ ዓመት በፊት የወጣው የምኒልክ አዋጅ ግን ለይቶ የጠቀሰው እሱን ነበር። ሕጉን የሚያሻሽሉ ሰዎች ይህን ጎዶሎ ሊሞሉት ይገባል።